መቻልና የተቀበረው አጥር

ውሻችን መቻል ይባላል። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። ያን ሰሞን ከአንድ ጎረቤት ጋር በድንበር ነገር ተቀያይሞ ነበር፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ ፊት ለፊት የማይናገረውን በውሻው ስም እንደሚናገር ታውቃላችሁ። ማታ ማታ በር ላይ ቆሞ «መቻል! ና መቻል!» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጣራው ሰውየው እንዲሰማለት ነው። መልእክቱ ደረሰው አልደረሰው እንጃ። ውሻው ግን ከስሙ አንዲት ፊደል አልወረሰም። ጦጣ ካየ አይችልም፣ አሳ ከሸተተው አይችልም፣ እማዬ ነጠላዋን ስታነሳ ካየማ ጭራሽ አይችልም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛዬ ቤት መጥታ፣ መቻል ሣሩ መሀል ምንም ነገር በሌለበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም አየችው። ፊቱ ወደ ሐይቁ ነው፣ ጆሮው ቀጥ ብሏል፣ አንድ እግሩን አንስቷል። «ይሄ ውሻ ምን ታይቶት ነው?» አለችኝ። ነገሩ ረጅም ነው አልኳት። እነሆ ረጅሙ ነገር።

ቤታችን ጣና ጠርዝ ላይ ነው። በመንገዱ በኩል የግንብ አጥርና የብረት በር አለ፣ በሁለቱ ጎን ቆርቆሮ፣ በአራተኛው ወገን ሐይቁ። እዚያ በኩል አጥር በርክቶ አያውቅም። አባቴ ሁለት ጊዜ የባህር ዛፍ አጥር አቁሞ ነበር፤ አንዱን ምስጥ በላው፣ ሌላውን ውኃው ይዞት ሄደ። ጣና ክረምቱን ሙሉ ሲሞላ ከርሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ እየወረደ ሄዶ ሰኔ መግቢያ ላይ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። አንድ ሜትር ወደ ላይ ሲባል ትንሽ ይመስላል፣ ዳርቻው ሜዳ ከሆነ ግን ብዙ እርምጃ ወደ ግቢ ውስጥ ማለት ነው። የእኛ ግቢ በመስከረም ጠባብ ነው፣ በግንቦት ሰፊ። ደንገሉ አጥር ይሆናል ብለን ተውነው። ለላም ይሆን ይሆናል። ለመቻል አልሆነም።

መቻል የሚሄድባቸው ቦታዎች ሦስት ነበሩ። አንዱ አሳ አስጋሪዎቹ አሳ የሚበልቱበት ዳርቻ ነው። እዚያ የአምባዛ ሆድ ዕቃ ይበላል፣ ጠግቦ ሲያበቃ የተረፈው ላይ ይንከባለላል፣ ከዚያ ቤት መጥቶ ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ሁለተኛው ጊዮርጊስ ነው፤ እማዬን ከኋላዋ ራቅ ብሎ እየተከተለ። ቤተ ክርስቲያን የገባ ውሻ የሚባለው ተረት ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚፈልግ ሰው እማዬን ይጠይቃት፤ ቅዳሴው መሀል በመቋሚያ ሲባረር አይታ «የማን ውሻ ነው?» ሲባል ዝም ብላ ቆማለች፣ ከዚያም ለውሸቷ ንስሐ ገብታለች። ሦስተኛውን ቦታ አናውቀውም። ከዚያ የሚመለሰው ጆሮው ተቦጭቆ ነው።

የሚያሳስበን ሦስተኛው ነበር። በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እናስከትበዋለን፣ ቢሆንም ከማናውቃቸው ውሾች ጋር እየተናከሰ የሚውል ውሻ ይዞ መተኛት ቀላል አይደለም። እንሰረው እንዳንል አስረነው አይተናል። ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፣ ጎረቤት ያስለቅሳል።

ሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ይህን በስልክ ሲሰማ ሳቀ። «አጥር ቅበሩለት» አለ።

«አጥር ይቀበራል?» አለች እማዬ ከጎኔ። «የሚቀበር ሰው ነው ልጄ።»

ካቻምና ለገና ሲመጣ ከሻንጣው ውስጥ ከጫማና ከቫይታሚን ጋር አንድ ካርቶን አወጣ። ትንሽ ሳጥን፣ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ የአንገት ቀበቶ፣ ብዙ ትናንሽ ነጫጭ ባንዲራዎች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ ትራንስሚተር ይባላል፣ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ሶኬት ላይ ይሰካል። ከሱ የሚወጣው ሽቦ ውሻው እንዳያልፈው በሚፈለገው ቦታ ተቀብሮ፣ ዞሮ ተመልሶ እዚያው ሳጥን ላይ ይገባል። ዙሩ ካልገጠመ አይሠራም። ሽቦው ውስጥ የሚሄደው ሰው የሚገድል ኮረንቲ አይደለም፣ ደካማ የሬዲዮ ምልክት ነው፤ ብዙዎቹ በ7 ወይም በ10 ኪሎኸርዝ ይሠራሉ። ምልክቱን የሚሰማው ቀበቶው ነው። ውሻው ወደ ሽቦው ሲጠጋ ቀበቶው ጢጥ ጢጥ ይላል። ሰምቶ ከተመለሰ እሰየው። ካልተመለሰ ቀበቶው ላይ ያሉት ሁለት የብረት ጥርሶች አንገቱን ይነዝሩታል። የሚነዝረው እንግዲህ ቀበቶው እንጂ መሬቱ አይደለም፤ እማዬ ግን ይህን እስክታምን አንድ ወር ሙሉ ያን ሣር በጫማ እንኳ አልረገጠችም።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሪቻርድ ፔክ የሚባል አሜሪካዊ በ1973 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። እኔ «ለምን ዝም ብለው ግንብ አይገነቡም?» ስል ወንድሜ እንደነገረኝ፣ እዚያ ብዙ ሰፈር ውስጥ በቤት ፊት ለፊት አጥር ማጠር በሰፈሩ ደንብ ክልክል ነው፣ ሣሩ ከመንገድ እስከ ደጅ እንዲታይ ይፈለጋል። አጥሩ የማይታየው እንዳይታይ ስለተፈለገ ነው። እኛ አገር ሰው መጀመሪያ የሚያጥረው እንዲታይለት ነው፣ ከዚያ ቤቱን ይሠራል፣ ገንዘብ ከተረፈው። ይህችን ልዩነት ያኔ ስሰማ ሳቅሁ እንጂ አላሰብኩባትም።

የመጀመሪያው ቀን በአምስት ሰከንድ አለቀ። ወንድሜ መሰኪያ መቀየሪያ ገዝቶ አዳፕተሩን ሰካው፣ ሳጥኑ አንዴ ብልጭ አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የስልክ ቻርጀሮች ሁለቱንም ስለሚችሉ ሰው ይህን ረስቶታል፤ የዚህ አዳፕተር ግን ጀርባው ላይ 120 ብቻ ነው የሚለው። ከውጭ ዕቃ የሚላክላችሁ ሰዎች፣ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ደግነቱ የሞተው አዳፕተሩ ብቻ ነበር። ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ዲሽ የሚጠግን ልጅ የሚያወጣው ቮልት ልክ እንደ አሮጌው የሆነ አዳፕተር ከካርቶን ክምር ውስጥ ፈልጎ ሰጠን።

ቁፋሮው ደግሞ ቁፋሮ አይባልም። ከሦስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፣ በዶማ ጫፍ እየሰነጠቁ መሄድ ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። እኛ የምንፈልገው በሐይቁ በኩል ብቻ ነው፣ ሽቦው ግን ዞሮ መመለስ አለበት። ስለዚህ ሄዶ በራሱ ጎን ይመለሳል፣ በመሀሉ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ተራርቆ። ከተጠጋጋ የሚሄደውና የሚመለሰው ምልክት እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይኸው ጠባዩ ደግሞ ይጠቅማል፦ ከቤቱ እስከ ሣሩ ያለውን መንገድ ሁለቱን ሽቦ እርስ በርስ ከገመዳችሁት ምልክቱ እዚያ ላይ ይጠፋል፣ ውሻው እንደልቡ ይረግጠዋል። ዘበኛችን ይህን ሲሰማ ሽቦውን ከወንድሜ እጅ ተቀበለና አንዱን ጫፍ ከማንጎው ግንድ ጋር አስሮ ለቡሄ ጅራፍ እንደሚገምድ ሰው ገመደው። እንደዚያ ጥብቅ ብሎ የተገመደ ሽቦ ከፋብሪካም አይወጣም።

ባንዲራዎቹን መስመሩ ላይ ስንተክል የጎረቤታችን እትዬ እየሮጡ መጡ። «ለካችሁት እንዴ? መንገድ ሊያልፍበት ነው?» ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ነጭ ባንዲራ መሬት ላይ ካየ ማን አይደነግጥም። ለውሻ ነው ስንላቸው ለረጅም ጊዜ አዩን። «ለውሻ» አሉ፣ ሄዱ።

ከማሰራችን በፊት እኔ ቀበቶውን እጄ ላይ ይዤ መስመሩ ላይ ሄድኩ። ማንም የሚገዛ ሰው ይህን ማድረግ ያለበት ይመስለኛል። በመጀመሪያው ደረጃ የሱፍ ሹራብ ሲያወልቁ እንደሚቆጠቁጠው ነው። በሦስተኛው ቀበቶውን ወርውሬ «ወይኔ!» አልኩ፣ ወንድሜ ሳቀ፣ መቻል ቀበቶውን ሄዶ አሸተተው።

ሥልጠናው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ዕቃውን ቀብሮ ውሻውን መልቀቅ አይደለም። በገመድ ይዛችሁት ወደ ባንዲራዎቹ ትወስዱታላችሁ፣ ጢጥ ሲል ዞር ብላችሁ ወደ ቤት ትሮጣላችሁ፣ ሲከተላችሁ ሥጋ ትሰጡታላችሁ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ። ውሻው መማር ያለበት ድምፁን ከሰማ ወዴት እንደሚሄድ ነው፤ ይህን ካልተማረ ሲነዝረው ወደየት እንደሚሮጥ አያውቅም። መቻል በአራተኛው ቀን ገባው። በሁለተኛው ሳምንት ባንዲራዎቹን አንድ እያለፍን ነቀልናቸው፣ ከዚያ ሁሉንም። ሐይቁ ፊት ለፊቱ ክፍት ነው፣ አሳው ይሸታል፣ እሱ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ታንኳዎቹን ያያል። ወንድሜ ደስ ብሎት ተመለሰ። እማዬ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ለጥቂት ጊዜ ሰላም ነበር።

ከዚያ መብራት ይጠፋ ጀመር። ትራንስሚተሩ መብራት ከሌለ የሞተ ዕቃ ነው፣ የእኛው መጠባበቂያ ባትሪ አልነበረውም። መቻል መጀመሪያ አላወቀም። አንድ ቀን ግን በመስኮት አየሁት፦ ወደ መስመሩ ቀስ እያለ ሄደ፣ ቆመ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ጆሮውን ቀሰረ። አዳመጠ። ጢጥ የሚል የለም። አንድ እርምጃ ጨመረ፣ እንደገና አዳመጠ። ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ ቤቱን አየና በደንገሉ መሀል ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በቀን ሁለት ሦስቴ እየሄደ ይፈትሸው ነበር። መብራት መጥፋቱን ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ሆነ፣ እኛም ፍሪጁን ሳይሆን ውሻውን ማየት ጀመርን።

የካቲት ላይ ደግሞ መሬቱ ተሰነጠቀ። የእኛ አፈር ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይደርቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሽቦው እንደ ክር ተወጥሮ ተበጠሰ። ሳጥኑ ቤት ውስጥ ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ ዙሩ ተቋርጧል ማለቱ ነው፣ የት እንደተቋረጠ ግን አይናገርም። ያው ጠጋኝ ልጅ ቴስተሩን ይዞ መጣ፣ መስመሩን መሀል ላይ ከፍቶ ግማሽ ግማሹን ለካ፣ ከዚያ የግማሹን ግማሽ፣ እንዲህ እያለ ቀኑን ሙሉ ዋለ። ሁለት ቦታ ነበር የተበጠሰው። በናስትሮ ጠቅልለን ቀበርነው። ክረምት ሲመጣ ውኃ ይገባበታል አለን ልጁ። ገባበት።

የፋሲካ ሰሞን እንግዳ በዝቶብን ቀበቶውን ማታ ማታ ማውለቅ ረሳን። ቀበቶው በቀን ከ12 ሰዓት በላይ መታሰር የለበትም፣ ጥርሶቹ ቆዳውን እየተጫኑ ያቆስሉታል። በአራተኛው ቀን ሳሻሸው እጄ ላይ እርጥበት ተሰማኝ። ፀጉሩን ገለጥኩ። ሁለት ክብ ቁስሎች፣ የሽሮ ዱቄት የምንመዝንበት ማንኪያ ጫፍ የሚያህሉ፣ ልክ እንደ ጥርሶቹ ተራርቀው። ያቆሰለው ኮረንቲው አይደለም፣ የብረቱ መጫን ነው፣ ግን ይህን ለመቻል ማን ያስረዳው። እንደዚህ ያለውን ቀበቶ ጨርሶ የከለከለ አገር አለ፤ ዌልስ በ2010 እ.ኤ.አ. ስትከለክል የአጥሩንም ቀበቶ ጨምራ ነው። ይህን ያኔ ባነብ ኖሮ «ቅንጦተኞች» ብዬ አልፈው ነበር።

ቁስሉ ድኖ እንደገና አሰርነው። ማሰር አልነበረብኝም።

ቀጥሎ ጦጣዋ መጣች። ማንጎ ሰርቃ በሣሩ ላይ ስትሮጥ መቻል ተከተላት፣ ጢጥ አለ፣ አልሰማም፣ ነዘረው፣ ጮኸ፣ አልቆመም፣ ዘለቀ። ጦጣዋ ዛፍ ላይ ወጣች። አሁን መቻል ከመስመሩ ውጭ ነው። መመለስ ይፈልጋል። ግን ሲመጣም ይጮኽበታል፣ ሲመጣም ይነዝረዋል፤ ቀበቶው መውጣትና መግባትን አይለይም። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ነበርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስገባ ከሣሩ ማዶ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ቤቱን እያየ ያለቅሳል። ቀበቶውን አውልቄ ልጠራው ሞከርኩ። እንቢ አለ። ሠላሳ ኪሎ የሚሆን፣ የረጠበ፣ አሳ አሳ የሚሸት ውሻ ተሸክሜ መስመሩን አሻገርኩት፣ በክንዴ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የመጨረሻው የሆነው ሐምሌ ላይ ነው። ማታ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል። በደንገሉ በኩል ሦስት የማናውቃቸው ውሾች ገቡ። እነሱ ቀበቶ የላቸውም፣ መስመሩ ለእነሱ ሣር ነው። መቻል ወጥቶ ጮኸባቸው፣ ጠባዩ አይደለም መፍራት፣ ግን ሦስት ናቸው። አንዱ ከኋላ ሲይዘው አመለጠና ወደ ሐይቁ ሮጠ። መስመሩ ጋ ሲደርስ ጢጥ አለ። ቆመ። በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ቆመና ወደ ውሾቹ ዞረ። ሁለት ሳምንት ሥጋ እየሰጠሁ ያስተማርኩትን አደረገ። ድምፁን ስትሰማ ወደ ቤት ተመለስ ብዬዋለሁ፣ ተመለሰ፣ ሦስቱ እዚያ ይጠብቁታል።

ዘበኛችንና እኔ በዱላና በጩኸት አባረርናቸው። መሀል ስገባ አንዱ እጄን ቧጨረኝ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሰዓት እያየሁ አጠብኩ፣ ጠዋት ሄጄ ክትባቱን ጀመርኩ። (ይህን ማንም ሰው አይዝለለው። ትንሽ ጭረት ናት ብሎ የሚተው ሰው አለ፤ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።) የመቻል ጆሮና የኋላ እግሩ ተሰፋ፣ እሱም ክትባቱ ተደገመለት። ቀበቶውን ያን ሌሊት ነው ያወለቅኩት።

እማዬ ምንም አልተናገረችም። ሲነጋ ብቻ ቡና እያፈላች «አንቺ ልጅ፣ አጥር ማለት ከውጭ ያለውን የሚከለክል አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

ጥቅምት አልፎ ውኃው መሸሽ ሲጀምር ከእንጅባራ የመጣ ቀርከሃ ገዛን። አባቴ አጥሩን ያቆመው ከውኃው አፍ ላይ ነበር፤ እኛ የመስከረምን የውኃ ምልክት ለክተን ከዚያ አሥር እርምጃ ወደ ቤት ገባ አድርገን አቆምነው። ቋሚዎቹ ብረት ናቸው፣ እግራቸው ሲሚንቶ ውስጥ። አሥር እርምጃ ሣር ለጣና ለቀቅን። አያምርም ይላል ወንድሜ በቪዲዮ ሲያየው፣ እይታውን ጋረዳችሁት ይላል። እውነቱን ነው፣ ከሳሎን ሆኖ ዘጌ ማዶን ማየት ቀርቷል። በቀርከሃው መሀል ቁራጭ ቁራጭ ጣና ነው የሚታየው።

መቻል አሁን አንገቱ ባዶ ነው። የተቀበረው ሽቦ ከአዲሱ አጥር አራት እርምጃ ወደ ውስጥ ነበር፣ ነቅለን አውጥተነዋል። ጓደኛዬ ያየችው ሽቦው በነበረበት ቦታ ሲቆም ነው። እስከዚያ ድረስ እየሮጠ ይመጣና ቀጥ ይላል፣ አንድ እግሩን ያነሳል፣ ያዳምጣል። አንዳንድ ቀን ያልፋል። አንዳንድ ቀን ይመለሳል። ለምን እንደሆነ አልደረስኩበትም፤ በአሳ ሽታ ቀን ግን ሁልጊዜ ያልፋል።

ትራንስሚተሩ ቁም ሣጥን ላይ አለ። ከብት የማይገባበት፣ ውሻ ከውጭ የማይገባበት፣ መብራት የማይጠፋበት ግቢ ያለው ሰው ካለ መጥቶ በነፃ ይውሰደው። አዳፕተሩ 220 ነው፣ ሽቦው ሁለት ቦታ ተቀጥሏል። ባንዲራዎቹን ግን የጎረቤታችን እትዬ ለበርበሬ መደባቸው ወስደዋቸዋል፣ ወፍ ያባርርልኛል ብለው።